በጳጉሜ ሦስት የተሰጠ ማስረጃ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
(በእርስዎ ቤት ዲሴምበር 1 ቀን 2025)
ሞያሌ፣ ማንያታ

ለተከበሩ የሰላም በር ማኅበረሰብ ኮሌጅ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

«ባሉበት» ማለቴ ለደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ። ከመስከረም ወዲህ አምስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አምስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ ያሉበትን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ ከዚህ የተሻለ አድራሻ አጥቼ ነው። እንደ አካባቢያችን ደንብ አስቀድሜ ስለ ሰዉ፣ ቀጥሎ ስለ ከብቱ፣ ከዚያም ስለ ዝናቡ ልጠይቅዎ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ከብት ካለዎት ከብቱ ደህና ነው? ዝናቡስ በግቢዎ በኩል ጣለ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም።

ስሜ ምንታምር ስዩም ይባላል። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነው። አባቴ ከመንዝ ተነስቶ በጭነት መኪና ሲመላለስ ከድንበሩ ማዶ ባለው ሞያሌ ጎጆ ስለቀለሰ፣ እኔም ትምህርቴን ዘግይቼም ቢሆን እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት እዚያው ነው። ወደዚህኛው፣ ከናይሮቢ ወደሚተዳደረው ሞያሌ ከተሻገርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ የመኖሪያ ፈቃዴን በየጊዜው አሳድሳለሁ፣ እዚሁ ማንያታ በሲስተር ዙሌይካ ክሊኒክ እሠራለሁ። በወረቀት የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊና ጥቂት እንግሊዝኛ ስለምችል፣ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ በሽተኛውን «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ብዬ የምጠይቀው፣ ትኩሳት የምለካው፣ ቁስል ሲታጠብ እጅ የምይዘው እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉ ከመጪው ጃንዋሪ ጀምሮ ክልክል ነው። ተቆጣጣሪዎች መጥተው የምስክር ወረቀት የሌለው ወይም ትምህርት ላይ ያልሆነ ሰው በሽተኛ እንዳይነካ አዘዋል፤ ትእዛዙ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ሲስተር ዙሌይካም አስቀምጣ ነገረችኝ። «ኮሌጁ የአንድ ዓመት የረዳት ነርስ ትምህርት አለው፤ ተመዝገቢ። ምዝገባው እስኪዘጋ ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እኔም ሰው መቅጠሬ ነው» አለችኝ። ምዝገባው ባለፈው ዓርብ ተዘጋ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር የማቀርበው ቂም ቆጥሬ ሳይሆን፣ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ በኮሌጅዎ እንደማይነበብ የመዝገብ ክፍል ኃላፊዎ አቶ ሙደሲር ስላስረዱኝ ነው።

1ኛ. በዋናው መንገድ ላይ ስላሰቀሉት ባነር አመሰግናለሁ። «ለሠራተኞች፣ ለጎልማሶችና ከሌላ አገር ለመጡ ወገኖች በራችን ክፍት ነው» ይላል፤ ከሥሩ ወተት የሚሸጡ ሴቶች ጥላ አግኝተውበታል። በባነሩ ላይ የተጠቀሰው የማታ ትምህርት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተጀምሮ በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚያልቀው፣ ዘበኛው በአሥራ ሁለት በሩን ቆልፎ ስለሚሄድ መሆኑን ስሰማ ለዘበኛው የተደረገው ጥንቃቄ ልቤን ነክቶታል። ጎረቤቴ ጃለቱ ግን እንደ እኔ ሆደ ሰፊ አይደለችም። ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ የሒሳብ አያያዝ ልትማር ተመዝግባ ነበር። ገበያ የሚደምቀው ከአሥር ሰዓት በኋላ ስለሆነ ወይ ሽያጩን ወይ ትምህርቱን መተው ነበረባት። ሁለት ሳምንት ሞከረች። በሦስተኛው ሳምንት፣ የሌለ ገቢ እንዴት እንደሚመዘገብ ከመማር ያለውን መሸጥ ይሻለኛል ብላ ወደ መደቧ ተመለሰች። እኔስ ዕድለኛ ነኝ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሜ እንድገባ ተስማምተን ሲስተር ዙሌይካ ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ልትለቀኝ ፈቅዳልኝ ነበር። ስለዚህ በሰዓቱ በኩል በእኔ ላይ ምንም በደል አልደረሰም፤ የጃለቱን በደል የጻፍኩት እሷ እርስዎን ለማመስገን ጊዜ ስለሌላት ነው።

2ኛ. የሳምንት መጨረሻውን መርሐ ግብር በተመለከተ ስላሳዩት ፍትሐዊነት አመሰግናለሁ። መጀመሪያ እሑድ ጠዋት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች አቤት ስንል፣ ማንም ተለይቶ እንዳይከፋው በማሰብ ወደ ዓርብ ቀትር አዛወሩት። ዓርብ ቀትር ሙስሊሙ መስጊድ ነው፣ ክርስቲያኑ ሥራ ላይ ነው፤ አስተማሪውም ራሳቸው መስጊድ ናቸው። ክፍሉ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይከፈት እንደነበር ከጽዳት ሠራተኛችሁ አረጋግጫለሁ፤ በራችን ክፍት ነው ያላችሁትን እኛ በሚገባ አልተረዳነውም ነበር።

3ኛ. የርቀት ትምህርቱ መልካም ነው ይባላል። ከኡራን መንደር ሆኖ የሚማር ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ከወጣ በኋላ ቪዲዮው እስኪከፈት ፍየሎቹ ይበተኑበታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሌላ የምለው የለኝም።

4ኛ. አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ረዘም ስለሚል ስብሰባ ካለዎት ከስብሰባው በኋላ ያንብቡት።

የአሥረኛ ክፍል ማስረጃዬ የተሰጠበት ቀን 3/13/2003 ይላል። ጳጉሜ ሦስት ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ዘመን ሳይለወጥ እጃቸው ላይ ያለውን ሥራ ለመጨረስ ሲሯሯጡ እኔም ከጓደኞቼ ጋር ተሰልፌ ተቀበልኩ። ወር የሚመርጥ ሰው መሆን እንደነበረብኝ በዚያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። አቶ ሙደሲር ወረቀቴን አይተው፣ ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ላይ ማስገባት ጀመሩ። የወሩ ሣጥን ውስጥ አሥራ ሦስት ሲጽፉበት ቀላ። አጥፍተው ደግመው ጻፉት፤ ደግሞ ቀላ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ዳዳ፣ ሃይዌዜካኒ» አሉኝ በስዋሂሊ፤ እህቴ አይቻልም ማለታቸው ነው። «እኔ ጳጉሜን አውቃታለሁ፤ ፎርሙ ግን አያውቃትም።»

ማወቃቸውን እኔም እመሰክራለሁ። አቶ ሙደሲር ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፤ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ማዶ ተሻግረው የፍየል ዋጋ ሲከራከሩ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ከተማ ዓመቱ ሁለት ጊዜ እንደሚለወጥ የማያውቅ ሻጭም ሆነ ሾፌር የለም። አንድም ቀን ተምታቶብን አያውቅም፤ የቤት ኪራይ በአንደኛው እንከፍላለን፣ በሌላኛው እንጾማለን። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር የማያውቅ አንድ ቦታ መኖሩን የተማርኩት ከኮሌጅዎ ነው፤ ስለዚህ አልተማርኩም ብል ውሸት ይሆናል።

ጃለቱ መፍትሔ አገኘችልኝ። ፎርሙ ፈረንጅ ከሆነ በፈረንጅ አናግሪው አለችኝ። እኔም አስቆጥሬ፣ ሁለት ሰው ጠይቄ፣ ጳጉሜ ሦስት ቀን 2003 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2011 መሆኑን አረጋግጬ በማግሥቱ አስገባሁት። ሣጥኑ አረንጓዴ ሆነ። ክቡር ሆይ፣ አይሳቁብኝ፤ የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ደብተር ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይም ስሜን ጽፌያለሁ።

በአራተኛው ቀን የማስረጃ አጣሪ ኮሚቴዎ አስጠራኝ። ፎርሙ 2011 ይላል፣ ወረቀቱ 2003 ይላል፤ ስምንት ዓመት የት ሄደ ተባልኩ። የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ነው ብዬ አስረዳሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የመኖሪያ ፈቃዴን ገልጠው፣ በ1991 የተወለደች ሴት በ2003 አሥረኛ ክፍል ልትጨርስ የምትችለው በአሥራ ሁለት ዓመቷ እንደሆነ በወረቀት ላይ አስልተው አሳዩኝ። ስሌቱ አንድም ስሕተት የለበትም። እንዲያ ያለ ጭንቅላት ኖሮኝ ቢሆን ወደ ሰላም በር ምን ያመጣኝ ነበር? እንዲህ ብዬ ግን አልመለስኩም፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀልድ አይመጣለትም። «አጠራጣሪ» የሚል ቀይ ፋይል ውስጥ ገባሁ። ከመነሳቴ በፊት፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ወር መኖሩን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ማስረጃውን ከሰጠው ትምህርት ቤት እንዳመጣ በትሕትና ተነገረኝ።

ተሻገርኩ። በእግር ሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አቶ ወንዱ፣ የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ሠራተኛ፣ ያኔም እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ስሜን ከድሮ መዝገብ በሁለት ደቂቃ አወጡት። የሚፈለገውን ስነግራቸው ያነሱትን ብዕር መልሰው አስቀመጡ። «ልጄ፣ አንቺ መማርሽን እመሰክራለሁ፤ ስትማሪ እዚሁ ነበርኩ። ጳጉሜ መኖሯን ግን እኔ ማን ነኝና ነው የምመሰክረው?» አሉኝ። ቢሆንም ጻፉ። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር እንዳለው፣ አሥራ ሦስተኛዋ አምስት ወይም ስድስት ቀን እንደሆነች፣ ዘመኑ ከእናንተው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ፣ በንጹሕ እንግሊዝኛ አብራርተው፣ ማኅተም አድርገው፣ እንደ ሁልጊዜው ልማዳቸው ከላይ ቀኑን አሰፈሩ፤ 18/2/2018። ጥቅምት አሥራ ስምንት ነበር። እኔም አላስተዋልኩም። እግዜር ያሳይዎ፤ ቀኑ ትክክል ስለነበር ምኑን ላስተውል?

ኮሚቴዎ ደብዳቤውን ያየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስድስት ወር ያለፈው የድጋፍ ደብዳቤ ተቀባይነት የለውም፤ ይህ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2018 የተጻፈ ስለሆነ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል ተብሎ ተመለሰ። የዘመን ልዩነት መኖሩን የሚያስረዳው ዓረፍተ ነገር በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከቀኑ አራት መስመር ዝቅ ብሎ ነበር። አቶ ሙደሲር ወረቀቱን ሲያስረክቡኝ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም አልተቀየምኳቸውም፤ እሳቸውም እንደ እኔ የደከማቸው ሰው ናቸው። ደብዳቤውን በእናንተ ቀን ለማስጻፍ ተመልሼ ብሻገር አቶ ወንዱ ለሥልጠና ያቤሎ ሄደው አንድ ሳምንት ቆዩ። በተመለሱበት ቀን ጽፈው ሰጡኝ። አዲሱን ደብዳቤ ይዤ ግቢዎ የደረስኩት ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ምዝገባውን እኩለ ቀን ላይ በራሱ ጊዜ ዘግቶት ነበር። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

አምስተኛ ብዬ ቁጥር የማልሰጠው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ ሰው ወደ ክሊኒካችን አመጡ። ወደ ደቡብ ከሚያልፉት ስደተኞች አንዱ ነው፤ ጓደኞቹ መንገድ ዳር ጥለውት የሄዱት፣ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ፣ ከአማርኛ በቀር የማይሰማ። ሲስተር ዙሌይካ የምትጠይቀውን እየነገርኩት፣ የሚመልሰውን እየመለስኩላት ቆየሁ። መርፌ ወጋችው፣ ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠችው፣ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች። እሱም እጄን ይዞ፣ «እህቴ፣ የሰጡኝ ምንድን ነው?» አለኝ። ቋንቋው ነበረኝ፤ መልሱ ግን አልነበረኝም። አይዞህ፣ ደህና ነገር ነው አልኩት። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ መንገዱን ቀጠለ። የተሰጠው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱም ሳያውቅ ሄደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሳቀባብል ኖሬ አንዱንም ሳልረዳ መቅረቴ ያንገበግበኛል። ከኮሌጅዎ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ማዕረግ አልፈለግሁም፣ ነጭ ጋዋንም አላማረኝም፤ ለሚቀጥለው ሰው የምመልሰው መልስ ነው የፈለግሁት።

ይህን ሁሉ ሳስብ ክቡርነትዎን የምወቅስበት ምክንያት አጣለሁ። አንድም ሰው በክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሁሉም ወንበር ስበውልኛል፣ ሁሉም አዝነውልኛል፤ አንዲት ሠራተኛዎ ሻይ ሁሉ ጋብዛኛለች። ማንም አልከለከለኝም። ይህን ያህል ደግ ሰዎች ያሉበት ቤት አንድ ሰው ሳያስገባ መቅረት መቻሉ የሚደነቅ የአሠራር ብቃት ነው፤ ከናይሮቢ ድረስ መጥተው ሊማሩበት ይገባል።

የሚቀጥለው ምዝገባ በሴፕቴምበር እንደሆነ ሰምቻለሁ። የኮሚቴዎ አባላት በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ጊዜ ካላቸው ወደ ማዶ ብቅ ይበሉ፤ ጳጉሜ የምትውለው ያኔ ነው፣ ራሷ ቆማ ያገኟታል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎችዎ አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮትና ካለቀ ትዕግሥት ጋር እሰናበታለሁ።

አመልካችዎ፣ አጠራጣሪዎ፣
ምንታምር ስዩም
የጽዳት ሠራተኛ፣ ማንያታ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሙደሲር፣ ለመረጃ ሳይሆን ለማጽናኛ
ለጃለቱ፣ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ እንድታነበው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። በጥቅምት ወር ከኮሌጅዎ ሁለት የረዳት ነርስ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ክሊኒካችን ተልከው ነበር። ሲስተር ዙሌይካ ለክትባት ዘመቻ ሶሎሎ ስለከረመች፣ ቁስል አስተሳሰርን፣ ትኩሳት አለካክን፣ በሽተኛ ሲፈራ ምን እንደሚባል ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። የግምገማውን ቅጽም በስልክ እያዘዘችኝ ሞላሁ፤ «ተቆጣጣሪ» በሚለው መስመር ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ቅጹ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቶ፣ «ለተከበሩ ተቆጣጣሪ ምንታምር ስዩም» የሚል፣ በእርስዎ እጅ የተፈረመ የምስጋና ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከሁለቱ ተማሪዎች ሃኒ የምትባለው ከጃንዋሪ ጀምሮ በእኔ ቦታ ትቀጠራለች። ከመቶ ዘጠና ሁለት ሰጥቻታለሁ። ይገባታል።